ራዲያተራችሁን በጣርማ በር ዳገት ለኩት

(ደብረ ብርሃን ላይ በተደረገ የፒክአፕ ባለንብረቶችና ሾፌሮች ስብሰባ የተናገርኩት ነው። ብዙዎቻችሁ "በጽሑፍ አድርስልን" ስላላችሁኝ እንደተነገረ አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ! እንኳን በደህና መጣችሁ። ከመሐል ሜዳ ሌሊት የተነሳችሁ፣ ከሸዋ ሮቢት ዳገቱን ወጥታችሁ የደረሳችሁ፣ ከአንኮበር፣ ከእነዋሪ፣ ከጫጫ የመጣችሁ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ጠዋት ውርጩ ከባድ ነበር፣ እጃችሁን እያሻሻችሁ ስትገቡ አይቻለሁ። አባቶች ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ ወንበር አለ። ረዳቶችም ከኋላ አትቁሙ፣ ግቡ። ይህ ነገር ከባለንብረቱ ይልቅ እናንተን ነው የሚመለከተው፣ መንገድ ላይ ጄሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ የሚሮጠው ረዳት ስለሆነ።

ዛሬ ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ነው የማወራው። ስለ ራዲያተር፣ የሞተሩን ውሃ ስለሚያበርደው። አሮጌ ፒክአፕ ላይ ራዲያተር ሲያልቅ በምን እንተካው? ጥያቄው ይህ ነው።

ለምን ይህን መረጥኩ? ወደ እኛ ጋራዥ ፈልተው ተጎትተው ከሚመጡት የድሮ ፒክአፖች ውስጥ ብዙዎቹ ራዲያተር ቀይረው የመጡ ናቸው። ልብ በሉ፣ ቀይረው! አዲስ ገዝተው፣ ያንን ሁሉ ብር ከፍለው፣ አስገጥመው፣ ተመልሶ ፈላባቸው። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተሰነጠቀ። ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጠለ። በራዲያተር የተጀመረው ወጪ ሞተር ማውረድ ላይ ደረሰ። ይህ እኔን ያንገበግበኛል። ፒክአፕ እዚህ አገር የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ለወር ጋራዥ ሲቆም የስንት ልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አብሮ እንደሚቆም እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

አራት ነጥብ አነሳለሁ። በመሃል ወሬ ካበዛሁ ታገሱኝ።

አንደኛው። ከመግዛታችሁ በፊት በሽታው የራዲያተሩ መሆኑን አረጋግጡ።

መኪና ሲፈላ ሁሉም ሰው ጣቱን ራዲያተር ላይ ይቀስራል። ከፊት ስለሚታይ ነው። ሞተር የሚፈላው ግን በብዙ ምክንያት ነው። የውሃ ፖምፓው ውስጡ ተበልቶ ውሃ መግፋት አቅቶት ይሆናል። የፋኑ ቺንጊያ ላልቶ ይሆናል። ቴርሞስታቱ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው፣ ተዘግቶ ቀርቶ ይሆናል። የታችኛው ማኒኮቶ፣ የውሃው የጎማ ቱቦ፣ አርጅቶ ይሆናል፤ ይሄኛው ብዙ ሰው ያታልላል፣ መኪናው ቆሞ ስታዩት ደህና ነው፣ ጋዝ ሲሰጠው ግን ፖምፓው ስቦት ይጣበቅና ውሃውን ያንቃል። ስለዚህ ከቆመ መኪና ላይ ብቻ አትፍረዱ፤ አንድ ሰው ጋዝ ይስጥ፣ እናንተ ማኒኮቶውን እዩት።

ራዲያተሩ መደፈኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ አስነሱት። ከዚያ አጥፉት፣ ቁልፉንም አውጡ። አንዳንዱ መኪና ላይ ፋኑ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ሞተር ጠፍቶም ሊዞር ይችላል፣ እጅ ይቆርጣል። ከዚያ በእጃችሁ የራዲያተሩን ፊት ከላይ ወደ ታች ቀስ ብላችሁ ዳስሱት። ላዩ ትኩስ ሆኖ ወደ ታች እየሄደ ለብ ማለት አለበት። መሃሉ ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል። ውሃ አያልፍባቸውም። ይህ ራዲያተር ወይ ተከፍቶ ይጸዳል፣ ወይ ይቀየራል።

አንድ ሌላ ምልክት አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ ቀዝቃዛ እያለ ብያለሁ፣ ክዳኑን ክፈቱና አስነሱት። ውሃው ላይ አረፋ ያለማቋረጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ የቃጠሎ ጋዝ ከሲሊንደሩ ወደ ውሃው እየገባ ነው ማለት ነው። ያኔ የዓለምን ምርጥ ራዲያተር ብትገዙም መፍላቱ አይቆምም። ብሩን ለጓርኒሲዮን አስቀምጡት።

ሁለተኛው ነጥብ መንገዳችን ነው። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብባል ይሄንን ነው የምላችሁ፤ ራዲያተር የሚመረጠው በምትሠሩበት መንገድ ነው። የእኛ መንገድ ደግሞ ከባድ ነው።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ይህን ሁሉ ከፍታ የምትወጡት በአጭር ርቀት ውስጥ ነው፣ ያውም ሽንኩርት ወይም ማሾ ጭናችሁ፣ ያውም ከታች ከቆላው ሙቀት ተነስታችሁ። ከታች ስትነሱ ሞተሩ ሞቋል። ደብረ ሲና ስትደርሱ ደክሟል። ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ጥምዝምዝ ደግሞ በ2ኛ ማርሽ ነው የምትወጡት።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በ2ኛ ማርሽ ዳገት ስትወጡ ነፋሱ ከየት ይመጣል? ሜዳ ላይ ስትነዱ ነፋሱ ራሱ በራዲያተሩ ውስጥ ያልፋል። ዳገት ላይ ግን መኪናው ያዘግማል፣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል፣ ሙቀቱ ይበዛል፣ ነፋሱ ግን የለም። ያለው ፋኑ የሚስበው ብቻ ነው። እሱም አየር ራሱ ሳስቶበት ነው የሚስበው፤ 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ሙቀት የሚሸከመው አየር ቀነሰ ማለት ነው። "ደጋ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ ሞተር አይሞቅም" የሚል ሰው ስሰማ ለዚህ ነው የማዝነው። ብርዱ ትንሽ ይረዳል፣ የአየሩ መሳሳት ግን ይጎዳል።

አሁን ደግሞ ውሃውን እዩት። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ወደ 91 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ጣርማ በር ላይ ከዚያም ያንሳል። የሞተራችሁ ቴርሞስታት የሚከፍተው ደግሞ በ82 ወይም በ88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልዩነቱ ስንት ቀረ? ምንም ያህል አልቀረም! ታዲያ መኪናው ሁሉ በየቀኑ የማይፈላው ለምንድን ነው? በክዳኑ ምክንያት ነው። ክዳኑ ውሃውን አፍኖ በግፊት ይይዘዋል። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ያ የግፊቱ መጠን ነው። ደህና ክዳን የመፍያውን ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል።

እና ጎማው የተቆረጠ ክዳን፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን፣ ከሌላ መኪና የተወሰደ "ገጠመ" የተባለ ክዳን አድርጎ ጣርማ በርን መውጣት ምን ማለት ነው? አዲስ ራዲያተር ገዝታችሁ አሮጌውን ክዳን መልሳችሁ አታስገቡበት። እባካችሁ። ክዳን ከራዲያተር ጋር ሲወዳደር ዋጋው ኢምንት ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቁጥር ያዙ። "ከፍ ያለ ግፊት ይሻላል" ብላችሁ ከነባሩ የበለጠም አታድርጉ፣ ያረጀ ማኒኮቶና ያረጀ ራዲያተር አይችለውም፣ ይፈነዳል።

ከፋኑ ዙሪያ ያለችው የፕላስቲክ መከለያስ? ስንታችሁ መኪና ላይ አለች? እስቲ እጅ አውጡ። አያችሁ። ግማሹ የለውም። ተሰብራ ተጥላለች፣ ወይም መካኒክ ለሥራ እንዲመቸው አውልቆ ሳይመልሳት ቀርቷል። እሷ ከሌለች ፋኑ አየሩን ከጎን ከሞተሩ ሙቀት እየሳበ ያሽከረክራል እንጂ በራዲያተሩ ውስጥ አሳልፎ አይጎትትም። ዳገት ላይ ነፋስ የለም፣ ፋን ብቻ ነው ያለው ብለናል። ስለዚህ መከለያዋ ለእኛ መንገድ ከማንም በላይ ታስፈልጋለች። ራዲያተር ስትገዙ መከለያዋ የምትታሰርበት ጆሮ ያለው መሆኑን እዩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከቀወት በኩል ሽንኩርት የሚጭን አንድ ጋሼ አለ፤ መኪናው የድሮ ሃይሉክስ ናት፣ ሲንግል ጋቢና። ራዲያተሩ ሲያልቅበት የሚያብረቀርቅ አዲስ ገዛ። ሲገጠም ልክ ነበር፣ ማኒኮቶዎቹ ገቡ፣ ብሎኖቹ ገቡ። ሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ነዳት። ከዚያ ጭኖ ወጣ። ከደብረ ሲና ትንሽ አለፍ ሲል የሙቀት ጌጁ ቀዩን ነካ። ቆመ። አበረደ። ተነሳ። ደግሞ ቆመ። ሽንኩርቱ ፀሐይ ላይ ዋለ፣ የታችኛው ጆንያ ማላብ ጀመረ፣ ነጋዴው ስልክ ይደውላል። ወደ እኛ ሲመጣ ራዲያተሩን አወረድነውና በካሊፐር ለካነው። መረቡ፣ ማለቴ ቱቦዎቹና ቀጫጭን ክንፎቹ ያሉበት መሃሉ፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ነበር። አሮጌው ከእጥፍ በላይ ይወፍር ነበር። ቁመቱና ስፋቱ አንድ ነው፤ ፊት ለፊት ቆማችሁ ብታዩ መንታ ናቸው። ከጎን ሲታይ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሻጩም "ልክ ነው" ሲለው አልዋሸም፣ ይገጥማላ! ለከተማ ይሠራል። ጭኖ ጣርማ በርን ለሚወጣ ግን አይሆንም። ወፍራሙን ስናስገባላት ያው መኪና፣ ያው ጭነት፣ ያው ዳገት፣ ጌጁ ከመሃል ብዙም ሳያልፍ ወጣች።

ስለዚህ ራዲያተር ከጎን ይታይ! ከፊት አይታይ። ይህን ለልጆቻችሁም ንገሩ።

ሦስተኛው ነጥብ። መዳብ ወይስ አሉሚኒየም?

የድሮዎቹ መኪኖች ሲመጡ ብዙዎቹ የመዳብና የነሐስ ራዲያተር ነበራቸው። አሁን ገበያ ላይ የሚበዛው መሃሉ አሉሚኒየም፣ የላይኛውና የታችኛው ታንኩ ፕላስቲክ የሆነው ነው። የቱ ይሻላል ብላችሁ ስትጠይቁኝ ሁልጊዜ "የት ነው የምትሠራው?" ብዬ ነው የምመልሰው።

መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ ከአሉሚኒየም ይበልጣል፣ ይህ የታወቀ ነው። ግን የመዳቡ ራዲያተር የተያያዘው በእርሳስና በቆርቆሮ ብየዳ ነው፣ ያ ብየዳ ሙቀቱን ትንሽ ይይዘዋል። አሉሚኒየሙ ደግሞ ሰፋፊ ቱቦ ይሠራበታል፣ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። በማቀዝቀዝ ብቻ ካያችሁት ደህና ሆኖ የተሠራ አሉሚኒየም ከመዳብ አያንስም። ትልቁ ልዩነት ሲበላሽ ነው የሚመጣው። መዳቡ ቢቀደድ ደብረ ብርሃንም፣ ደብረ ሲናም፣ መሐል ሜዳም የሚበይደው ሰው አታጡም። ቱቦው ከተጎዳ ያንን ቱቦ ብቻ ደፍኖ ይልካችኋል። ታንኩን ከፍቶ በዘንግ ይጠርገዋል። አሉሚኒየሙና ፕላስቲኩ ግን፣ ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ማጣበቂያ ለጊዜው ነው፤ ግፊትና ሙቀት ሲያገኘው ይከፈታል። በጥርስ የተቆለፈውን ታንክ ከፍቶ ጎሚኑን፣ ማለቴ ላስቲኩን፣ ቀይሮ መልሶ መቆለፍ የሚችል ባለሙያ አለ፣ በየከተማው ግን አይደለም።

የእኔ አቋም ይህ ነው። በመራቤቴ በኩል ጀማን የሚያቋርጥ፣ በመንዝ የድንጋይ መንገድ የሚውል፣ ከጋራዥ ርቆ የሚያድር መኪና እውነተኛ የመዳብ ራዲያተር ካገኘ መዳብ ያድርግ። የነበራችሁ ኦርጅናል ነሐስ ታንክ ደህና ከሆነ ደግሞ አትጣሉት! መሃሉን ብቻ አስቀይሩት። ታንኩ የመኪናችሁ ራሱ ስለሆነ ማኒኮቶው፣ ጆሮው፣ ሁሉም ልክ ይገባል። በዋናው አስፋልት ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የምትመላለሱ፣ ቀለል ያለ ጭነት የምትጭኑ፣ ወፍራም አሉሚኒየም ይበቃችኋል። 16፣ 26፣ 36 ሚሊ ሜትር እየተባለ ይሸጣል። ከነባሩ የሳሳ አትግዙ። ከነባሩ በጣም የወፈረም አትግዙ፣ ፋኑን ይጠጋል፤ መንገዱ ሲያናጋው ፋኑ መረቡን ይበላዋል።

ክንፎቹንም እዩ። በጣም የተጠጋጉ፣ ጥቅጥቅ ያሉ ክንፎች ሱቅ ውስጥ ያምራሉ። የእኛ መንገድ ግን አቧራ አለው፤ በመኸር ጊዜ ደግሞ ገብስና ጤፍ በሚወቃበት ስናልፍ እብቁ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ትንሽ ፈታ ያለው ይሻለናል፣ ይታጠባልም። ስታጥቡት ውሃውን ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ልቀቁት፣ የገባውን በመጣበት አስወጡት። ግፊቱ ከበዛ ክንፎቹን ያስተኛቸዋል፣ ቀስ አድርጉ።

አራተኛው ነጥብ። ልኬትና ግዢ።

አሮጌውን ራዲያተር ሳትይዙ ገበያ አትውጡ። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ አሮጌውን ሳትይዙ አትውጡ! መዳብ ዋጋ ስላለው ቁራሌው አሮጌውን ለመውሰድ ይቸኩላል። አዲሱ ተገጥሞ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ደህና መሆኑ እስኪታይ ድረስ አሮጌውን አትሽጡት። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው፣ ሄዳችሁም እዚሁም ስትገዙ ሁለቱን ጎን ለጎን መሬት ላይ አስተኙና አወዳድሩ። የመረቡን ቁመት፣ ስፋት፣ ውፍረት። የላይኛው ማኒኮቶ በስተቀኝ ነው በስተግራ? የታችኛውስ? የአፋቸው ውፍረት እኩል ነው? ጆሮዎቹ የት ናቸው? የውሃ ማፍሰሻው ቧንቧ አለው? የትርፍ ውሃ ጠርሙሱ ቱቦ የሚገባባት ቀጭን አፍ አለች?

መኪናችሁ አውቶማቲክ ማርሽ ከሆነ ሌላ ነገር ይጨመራል። የካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ዘይት በራዲያተሩ ታንክ ውስጥ ነው የሚበርደው፣ ሁለት ተጨማሪ የዘይት አፍ ይኖረዋል። የማኑዋሉን ገዝታችሁ ብትመጡ ዘይቱን የምታስገቡበት የላችሁም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ሻጩ "ሞተርህ ስንት ነው?" ሲላችሁ ከምን ታነባላችሁ? ከሊብሬው። ሊብሬው 2.4 ነው ይላል፤ 2ኤል ሞተር። ግን መኪናው ስንት ዓመቱ ነው? ስንት እጅ አለፈ? ከእነዚህ የድሮ ሃይሉክሶች ውስጥ ሞተራቸው የተቀየረ ብዙ ናቸው። 2ኤሉ ወጥቶ 2.8ቱ 3ኤል ወይም 3.0ው 5ኤል ገብቶባቸዋል። ጉልበት ሲጨምር ሙቀትም ይጨምራል። ስለዚህ ኮፈኑን ክፈቱና ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። ራዲያተር የሚገዛው አሁን ውስጡ ላለው ሞተር ነው። የቤንዚንና የናፍጣ ራዲያተርም መልካቸው ተመሳስሎ ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል። ቶዮታ ለራዲያተር የሚሰጠው የዕቃ ቁጥር በ16400 ይጀምራል፤ አሮጌው ላይ ያ ጽሑፍ ካልጠፋ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ብዙ ክርክር ይቀንስላችኋል።

ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ አላችሁ። አልቃወምም፣ ኦርጅናል ያገለገለ ከማይረባ አዲስ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ግን እንዲህ ፈትሹት። በክዳኑ አፍ በስልካችሁ መብራት ወደ ውስጥ እዩ። የቱቦዎቹ አፍ ላይ ነጭ ኖራ ወይም ቡናማ ጭቃ ከጋገረ ተዉት። ክንፎቹን በአውራ ጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉ፤ እንደ ደረቀ ቅጠል ከተፈረፈሩ ከቱቦው ጋር ተላቀዋል፣ ሙቀት አያስተላልፉም። ውሃ ባያፈስም አያበርድም ማለት ነው። የብየዳው ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ መዳቡ እየተበላ ነው። ፕላስቲክ ታንክ ከሆነ ቀለሙን እዩ፤ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ደርቋል፣ ሊሰነጠቅ ቀርቧል።

ከዚያ በርሜል ውስጥ ነው ፈተናው። አፎቹን ሁሉ ድፈኑ፣ ውሃ ውስጥ አስጥሙት፣ አየር ስጡት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ! የጎሚስታው አየር ጉልበተኛ ነው። ከ1 ባር አትለፉ፣ መለኪያ ያለው ይሁን። አንድ ወጣት ሳይለካ ነፍቶት የላይኛው ታንክ ሲያብጥ አይቻለሁ፣ ደህና ራዲያተር ነበር። አረፋ ከሌለ ደህና ነው። ሦስት አራት ደቂቃ ጠብቁት፣ ቀጭን ቀዳዳ ቶሎ አይናገርም።

ነጥቦቼ አራት ነበሩ፣ አልቀዋል። ግን አዲሱን ገዝቶ በቆሸሸ ሞተር ላይ መግጠም ስላለ ይህንን ሳልል ብወርድ ይቆጨኛል። ሞተሩ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመ ዝገትና ጭቃ አለ። አዲሱን ራዲያተር ከመግጠማችሁ በፊት ሞተሩን በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ ንጹህ እስኪወጣ። ካልሆነ ያ ሁሉ ቆሻሻ ሄዶ የሚያርፈው አዲሶቹ ቱቦዎች ውስጥ ነው። ማኒኮቶዎቹን እዩ፣ ከላሸቁ ቀይሩ። ራዲያተሩ የሚቀመጥባቸውን ጎሚኖች አትርሱ፤ እነሱ ካለቁ በመንዝ ድንጋይ ላይ እያንዳንዱ ንዝረት ቀጥታ ታንኩን ይመታዋል።

ውሃ ብቻ አትሙሉ። ኩላንት፣ ከውሃው ጋር የሚቀላቀለውን የራዲያተር ፈሳሽ፣ ጨምሩ። "ኩላንት የሀብታም ነው" የሚለውን ተዉት። የወንዝ ውሃ ኖራና ጭቃ ይዞ ይገባል፣ ውስጡን ያዝገዋል፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ብርዱም አለ! መሐል ሜዳ አድሮ የመጣ አንድ ደብል ጋቢና ጥር ላይ ገጥሞናል፤ ውስጡ ያለው ባዶ ውሃ ነበር። ሌሊት ውሃው በረዶ ሆነ። በረዶ ከውሃ ቦታ ይበልጣል፣ ተለጠጠና ሁለት ቱቦ ቀደደ። ጠዋት አስነሱት፣ ምንም አልታየም፣ በረዶው ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖት ነበር። ፀሐይ ወጥታ ሲቀልጥ ከሥሩ ውሃው ይወርድ ጀመር። ግማሽ ኩላንት ግማሽ ንጹህ ውሃ ቢሆን እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም። የእኛ አገር ብርድ እዚያ አይደርስም። ያው ድብልቅ መፍያውንም ከፍ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ለመንዝ ውርጭም ለሸዋ ሮቢት ሙቀትም አንድ መድኃኒት ነው።

ስትሞሉ አየሩን አስወጡ። መኪናውን አፍንጫው ወደ ዳገት እንዲያይ አቁሙት፣ የማሞቂያውን መክፈቻ ሙቅ ላይ አድርጉት፣ ክዳኑን ሳትዘጉ ከቀዝቃዛው አስነሱት፣ ቴርሞስታቱ ሲከፍት ውሃው ዝቅ ይላል፣ ሙሉት፣ ዝጉት።

አንድ ነገር ደግሞ ረዳቶች ስሙኝ። የፈላ ራዲያተር አትክፈቱ። በጨርቅ ይዤዋለሁ አትበሉ። ክዳኑ ሲላቀቅ ውስጥ የታፈነው ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ነው የሚወጣው። ፊቱና ደረቱ የተላጠ ልጅ ሐኪም ቤት ድረስ ወስጃለሁ፣ ጩኸቱን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ጭነቱ ይዘግይ፣ ነጋዴው ይቆጣ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከበረደ በኋላም ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ አትገልብጡበት፣ ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል። ቀስ እያላችሁ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ።

እሺ፣ ጥያቄ ካለ። አዎ፣ እህቴ።

"ቴርሞስታቱን ካወጣነው አይሻልም ወይ? መካኒካችን አውጥቶታል" ነው የምትይው። አመሰግናለሁ፣ ይህ ጥያቄ ሁሉም ቤት አለ። አይሻልም። ብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ ነው ያለው። ሲከፍት ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ውሃው ሳይበርድ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ስታወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ እየዞረ ይመለሳል። ዳገት ላይ ያ ነው የሚያፈላው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ናፍጣ ይበላል፣ ያጨሳል። አዲስ ግዢና አስመልሺው። ከመግጠማችሁ በፊት ድስት ውስጥ በሚሞቅ ውሃ ንከሩት፣ ሲከፍት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

አባቴ፣ እርስዎ ምን ነበር? እንቁላልና በርበሬ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሮ ቀዳዳ መድፈን። አዎ፣ መንገድ ላይ ጨለማ ሲሆን፣ ሰው በሌለበት፣ ቀዳዳው ትንሽ ሲሆን ከተማ ያደርሳል፣ አልክድም፣ ስንቱን አድርሷል። ሳሙና ከውጭ መለጠፍ ከእሱ ይሻላል፣ ቢያንስ ውስጥ አይገባም። እንቁላሉ ግን ቀዳዳውን ብቻ መርጦ አይደፍንም፣ ጤነኞቹንም ቱቦዎች ይደፍናል። ስለዚህ ካደረጉት በማግስቱ ራዲያተሩ ወርዶ ይታጠብ፣ አይደርበት።

በጣም አመሰግናለሁ። ራዲያተራችሁን አውርዳችሁ ይዛችሁ የመጣችሁ ሰባት ስምንት ሰዎች እንዳላችሁ ነግረውኛል። በርሜሉ ከአዳራሹ ጀርባ ተሞልቷል፣ መጭመቂያውም መለኪያውም አለ። ክዳን ያላችሁም ክዳኑን ይዛችሁ ኑ፣ ግፊቱን እንለካዋለን። ከሩቅ የመጣችሁ ትቀድማላችሁ፣ ከመሐል ሜዳ እንጀምር።